የሚናገር ምልክትና የሚመርጥ ምልክት

ስለ ካንሰር ምርምር የሚወጡ ዜናዎችን የሚከታተል ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል። «ተመራማሪዎች ሕክምናው ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚያመለክት ባዮማርከር አገኙ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ተስፋም ይሰጣል። ይሁን እንጂ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ይህን መቀላቀል ለማሳየት የራስና የአንገት ካንሰርን መርጫለሁ፤ በዚህ ሕመም ረገድ መቀላቀሉ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ በቁጥር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉና።

የፊዚክስ መምህር በሐኪሞች ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ካንሰር አንዱ ዋነኛ ሕክምና ጨረር ነው፤ የጨረሩ መጠን የሚለካበት አሃድም በአንድ የፊዚክስ ሊቅ ስም «ግሬይ» ተብሎ ይጠራል። ከዚህም ሌላ ባዮማርከር ማለት በሰውነት ውስጥ የሚለካ ነገር ማለት ነው፤ በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን፣ በዕጢው ሕዋስ ላይ የሚታይ ቀለም፣ ወይም የአንድ ቫይረስ ዲ.ኤን.ኤ. ሊሆን ይችላል። አንድ ልኬት ምን ይነግረናል፣ ምንስ አይነግረንም የሚለው ጥያቄ ደግሞ የእኛ የፊዚክስ ሰዎች የቆየ ጥያቄ ነው።

«የራስና የአንገት ካንሰር» የሚለው ስያሜ በልማድ አንጎልን አይጨምርም። የአፍን፣ የጉሮሮን፣ የማንቁርትን፣ የአፍንጫንና በዙሪያዋ ያሉ ክፍተቶችን ካንሰሮች በአንድነት የሚጠራበት ስም ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደ አዲስ ይያዛሉ። አብዛኛው የሚነሣው እነዚህን ክፍሎች ከውስጥ ከሸፈነው ስስ ገጽ ነው። የታወቁት ዋነኛ መንሥኤዎች ትምባሆና አልኮል ሲሆኑ፣ በቶንሲልና በምላስ ሥር አካባቢ ለሚነሡት ደግሞ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች.ፒ.ቪ.፣ ሌላው መንሥኤ ነው። ይህ ቫይረስ የማኅፀን በር ካንሰርን ከሚያስከትሉት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

የተለመደው ሙሉ የጨረር ሕክምና 70 ግሬይ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ግሬይ እየተሰጠ በ35 ጊዜ ይጠናቀቃል፤ ብዙውን ጊዜም ሲስፕላቲን የተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ይታከልበታል። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም አካል ውስጥ አንድ ጁል ኃይል መቅረት ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ አንባቢ ቢያሰላው፣ 70 ግሬይ በአንድ ጊዜ በውኃ ላይ ቢያርፍ የውኃውን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሁለት መቶኛ እንኳ ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ ጨረር ዕጢን የሚያጠፋው በማቃጠል አይደለም፤ የሕዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. በመሰባበር ነው። በመንገዱ ላይ ያገኘውን ጤነኛ ሕዋስም አይምርም። ከዚህም የተነሣ ከዳኑት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ምራቃቸው ደርቆ፣ ምግብ መዋጥ ተስኗቸው ለዓመታት ይኖራሉ። ባዮማርከር የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ባነሰ መጠን የሚድነውን ሰው ከዚህ ሥቃይ ለማትረፍ፣ ባነሰ መጠን የማይድነውን ደግሞ አስቀድሞ ለይቶ ተጨማሪ ሕክምና ለመስጠት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ነገሮች እንመለስ። ለዚህ ጽሑፍ እንዲመቸን አንደኛውን «ነጋሪ ምልክት»፣ ሁለተኛውን «መራጭ ምልክት» እንበላቸው። ነጋሪ ምልክት የሕመምተኛው መጨረሻ ወዴት እንደሚያዘነብል ይናገራል፤ መራጭ ምልክት ግን ከሁለት ሕክምናዎች የትኛው ለዚህ ሰው እንደሚሻል ያመለክታል። ልዩነቱ በእርሻ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለም መሬት ያለው ገበሬ የትኛውንም የስንዴ ዘር ቢዘራ ከጎረቤቱ የተሻለ ያመርታል። የአፈሩ ልምነት ስለ ምርቱ ይናገራል፤ የትኛው ዘር ይዘራ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። ያንን ለማወቅ ሁለቱንም ዘር በሁለቱም አፈር ላይ ዘርቶ አራቱን ማሳዎች ማወዳደር ያስፈልጋል። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱ ያለባቸውና የሌለባቸው ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለቱ ሕክምናዎች ተደልድለው አራቱ ቡድኖች ካልተወዳደሩ በስተቀር አንድን ምልክት መራጭ ነው ለማለት አይቻልም። በመጽሔቶች ላይ «ባዮማርከር» ተብለው ከሚወጡት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ከአራቱ ማሳዎች ሁለቱን ብቻ ያዩ ናቸው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ለማሳየት ከኦክስጅን ታሪክ እጀምራለሁ፤ ታሪኩ የአሃዱ ባለቤት የሆኑት የእንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ነውና። ግሬይ በፊዚክስ ሠልጥነው ሕይወታቸውን በጨረርና በሕያው ሕዋስ መካከል ያለውን ግንኙነት በማጥናት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት ኦክስጅን ያነሰው ሕዋስ ጨረርን አብልጦ እንደሚቋቋም አስገነዘቡ። በኦክስጅን የተራበን ሕዋስ ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን በኦክስጅን ከጠገበው ጋር ሲነጻጸር ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ከቶምሊንሰን ጋር ሆነው የሳንባ ዕጢዎችን በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ፣ ከደም ሥር ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ብቻ ሕያው ሆነው፣ ከዚያ ያለፉት ሞተው ተገኙ። ኦክስጅን በዲፊዩዥን ተጉዞ ከመጠቀሚያው በፊት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ሲያሰሉም ስሌቱና የታየው ተገጣጠሙ። በእኔ ግምት ይህ ስሌት ፊዚክስ ለሕክምና ካበረከታቸው ውብ ሥራዎች አንዱ ነው፤ የዲፊዩዥንን እኩልታ የተማረ ተማሪ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ በጣም ተፈጥሯዊ ነበር። ኦክስጅንን የሚሸከመው የደም ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢናቸው ያነሰ የራስና የአንገት ካንሰር ሕመምተኞች የጨረር ሕክምና ውጤታቸው ዝቅተኛ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። እንግዲያውስ ሄሞግሎቢናቸውን ከፍ ብናደርገው ዕጢው ኦክስጅን ያገኛል፣ ጨረሩም ይሠራል ተባለ። በጀርመናዊ ተመራማሪዎች መሪነት 351 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ከጨረሩ ጋር ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛውን ኤሪትሮፖይቲን ሲወስዱ፣ ግማሾቹ የተወጉት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። መድኃኒቱ የታዘዘውን ፈጽሟል፦ ከወሰዱት መካከል ከመቶ 82ቱ ሄሞግሎቢናቸው ከታሰበው ደረጃ ሲደርስ፣ ከሌሎቹ የደረሱት ከመቶ 15ቱ ብቻ ነበሩ። ዕጢው ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የባሰ ሆነ። በነበረበት ቦታ የመመለስ ወይም የመግፋት አደጋው በ62 በመቶ ጨመረ፤ የሞቱትም በዙ። የዴንማርክ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ጥናት ጀምረው ነበር፤ በመሐል በተደረገው ግምገማ መድኃኒቱን የወሰዱት የባሰ ውጤት ስላሳዩ አቋረጡት።

ክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ሳነሣ ተማሪዎቼ በመጀመሪያ አያምኑም። እኔ ግን ስለ ቴርሞሜትር እንዲያስቡ እጠይቃቸዋለሁ። ቴርሞሜትር የሕመምተኛውን ትኩሳት በትክክል ይናገራል። ጫፉን በበረዶ ውስጥ ብንነክረው ቁጥሩ ይወርዳል፤ ትኩሳቱ ግን አይወርድም። ዝቅተኛ ሄሞግሎቢን ብዙ ነገር አብሮት ይጓዛል፦ ትልቅ ዕጢ፣ የተጎዳ ሰውነት፣ የምግብ እጥረት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም። ቁጥሩ የእነዚህ ሁሉ ጥላ ነበር። ጥላውን ማስተካከል አካሉን አያስተካክለውም፤ እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ጎዳው።

ኦክስጅንን በሌላ መንገድ ለማገዝ የሞከሩም አሉ። በዴንማርክ ኒሞራዞል የተባለ፣ በኦክስጅን የተራበውን ሕዋስ ለጨረር የሚያስገዛ መድኃኒት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት፣ ዕጢው በነበረበት ቦታ ሳይመለስ አምስት ዓመት የቆየላቸው ሕመምተኞች መድኃኒቱን ካልወሰዱት 33 በመቶ፣ ከወሰዱት 49 በመቶ ሆኑ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ለማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 ኦስቲዮፖንቲን የተባለው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ የበዛባቸው ሰዎች ይበልጥ እንደተጠቀሙ ተገለጸ። የአራቱ ማሳዎች ንጽጽር በመሠራቱ ሥራው ከብዙዎቹ የተሻለ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 በሌላ ጥናት፣ ለተመሳሳይ ዓላማ በተሠራ ሌላ መድኃኒት ላይ ሲፈተሽ ኦስቲዮፖንቲን አልመረጠም። ቀጥሎም በአንድ ፕሮቲን ፋንታ የብዙ ጂኖችን እንቅስቃሴ በአንድነት የሚለኩ ፊርማዎች ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ በታተመው የብሪታንያና የአየርላንድ ጥናት፣ ሲስፕላቲንን መቋቋም በማይችሉ 338 ሕመምተኞች ላይ ኒሞራዞል ተሞከረ፤ በጂን ፊርማው «በኦክስጅን የተራበ ዕጢ አላቸው» የተባሉትም ከመድኃኒቱ ጥቅም አላገኙም።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የግሬይ ፊዚክስ አልተሳሳተም። በኦክስጅን የተራበው ሕዋስ ዛሬም ጨረርን ይቋቋማል። የከበደው ከሕዋሱ ወደ ሰውየው፣ ከሰውየውም ወደ ሐኪሙ ውሳኔ የሚወስደው ድልድይ ነው። የዕጢ ኦክስጅን ከቦታ ቦታ፣ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ከአንድ ጥግ የተቆረጠች ትንሽ ናሙና ሙሉ ዕጢውን ላትወክል ትችላለች። መንሥኤውን ማወቅና ለውሳኔ የሚበቃ መለኪያ ማግኘት አንድ አይደሉም።

ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ ያገኘሁት ግን የቫይረሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በቶንሲልና በምላስ ሥር አካባቢ ካንሰር ከያዛቸው 323 ሰዎች መካከል ዕጢያቸው ኤች.ፒ.ቪ. ያለበት ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 82.4ቱ በሕይወት ሲገኙ፣ ቫይረሱ ከሌለባቸው የተገኙት ከመቶ 57.1ዱ ነበሩ። በካንሰር ሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት የሚያሳይ ምልክት ብርቅ ነው። የልዩነቱ ስፋት የሕመሙን ደረጃ አሰጣጥ ራሱን አስቀየረ፤ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አመዳደብ፣ ቀድሞ አራተኛ ደረጃ ይባል የነበረ ሕመም የቫይረሱ ምልክት ካለበት አንደኛ ደረጃ ሊባል ይችላል።

ቫይረሱን በቀጥታ ከመፈለግ ይልቅ በሆስፒታሎች የተለመደው ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን በቀለም ማየት ነው፤ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ። ፒ16 የሕዋስ መከፋፈልን ከሚገቱ ፍሬኖች አንዱ ነው። ታዲያ ፍሬን የበዛበት ሕዋስ እንዴት ካንሰር ይሆናል? ተራራ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና አስቡ። ቫይረሱ የፍሬኑን ገመድ ቆርጦታል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ፒ16 የምናየው የተረገጠውን ፔዳል ነው። ከዚህም የምንረዳው ፒ16 የቫይረሱ ምልክት መሆኑን፣ ቫይረሱ ራሱ ግን አለመሆኑን ነው። ገመዱ በሌላ ምክንያት ሲቆረጥም ፔዳሉ ይረገጣል።

የዚህ ምልክት ነጋሪነት ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተለው እርምጃ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። እነዚህ ሰዎች በደህና የሚድኑ ከሆነ ሕክምናቸውን እናቅልልላቸው፤ ጆሮንና ኩላሊትን የሚጎዳውን ሲስፕላቲን ሴቱክሲማብ በተባለው መድኃኒት እንተካው ተባለ። ተመራማሪዎቹ በግምት አልተነዱም፤ በዕጣ ደልድለው ፈተሹት። ሊመሰገኑ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሁለት ጥናቶች ውጤት በአንድነት ወጣ። በአሜሪካ በተመራው ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይቆያሉ ተብለው የተገመቱት ሲስፕላቲን ከወሰዱት 84.6 በመቶ፣ ሴቱክሲማብ ከወሰዱት 77.9 በመቶ ሆኑ። 334 ሰዎች በተሳተፉበት የአውሮፓው ጥናት ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ 97.5 እና 89.4 በመቶ ነበር፤ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቱም አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ የጨረሩን መጠን ከ70 ወደ 60 ግሬይ ዝቅ ያደረገ ሌላ የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱን አቀረበ። ጥናቱ የተካሄደው የትምባሆ ታሪካቸው አነስተኛ በሆነ፣ ማለትም ተስፋቸው እጅግ ጥሩ በሆነ ሕመምተኞች ላይ ነበር። ሕመሙ ሳይገፋ ሁለት ዓመት የቆየላቸው ሙሉ መጠን ከወሰዱት 98.1 በመቶ ሲሆኑ፣ 60 ግሬይ ከሲስፕላቲን ጋር ከወሰዱት 88.6 በመቶ፣ 60 ግሬይ ኒቮሉማብ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት 90.3 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አልተሻገረም።

ምን ተፈጠረ? ምልክቱ አልዋሸም። የተናገረው ግን ሙሉ ሕክምና ስለተሰጣቸው ሰዎች ነበር። 82.4 በመቶ የሚለው ቁጥር በውስጡ 70 ግሬዩንና ሲስፕላቲኑን ይዟል። ሰዎቹ ነጋሪውን ሲሰሙ ሕክምናው የማያስፈልግ ያህል ተሰማቸው፤ በእርግጥ ግን በደህና የዳኑት ሕክምናው በእነሱ ላይ በጣም ስለሚሠራ ሊሆን ይችላል። በጥሩ ዝናብ ዓመት ማዳበሪያ የጨመረ ገበሬ ብዙ ሲያመርት አይተን ማዳበሪያው አላስፈለገም ማለት አንችልም። በዚህ አባባሌ መጠን የመቀነስ ሙከራ ሁሉ ከሽፏል ማለቴ አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ዕጢያቸው ከወጣላቸው ሰዎች መካከል በጥንቃቄ ለተመረጡት ጨረሩን ወደ 50 ግሬይ ዝቅ ማድረግ ተስፋ ያለው ውጤት አሳይቷል። ነገሩ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው መፈተን አለበት ነው።

መራጭ ለመባል የተሻለ መብት ያለው ምልክትም አለ። ካንሰሩ ለተመለሰባቸው ወይም ለተሠራጨባቸው ሰዎች የሚሰጠው ፔምብሮሊዙማብ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚፈታ መድኃኒት ነው። ፒ.ዲ. ኤል1 የተባለው ፕሮቲን በዕጢው ላይ በብዛት በታየባቸው ሕመምተኞች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት፣ ለብቻው ሲሰጥ የዕድሜያቸው መካከለኛ ከ10.7 ወር ወደ 14.9 ወር ከፍ ብሏል። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ምልክቱ በዝቶባቸው ምንም ያልተጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። የመድኃኒቱ ዋጋ ደግሞ ለእኛ አገር አብዛኛው ሕመምተኛ የሚቀመስ ስላልሆነ በዚህ ላይ አልቆይም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢትዮጵያ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የነበራት የጨረር ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የሚሠራውም በኮባልት ነበር። ሕመምተኞች ተራ የሚጠብቁት በወራት እየተቆጠረ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተሮች በአዲስ አበባና እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መተከላቸው ታላቅ እርምጃ ነው፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ግን ገና ጥቂት ናቸው። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ መሣሪያ 210 ጊዜ የሚያክምበት ወቅት፣ በ35 ጊዜ ሕክምና ለስድስት ሰዎች፣ በ30 ጊዜ ሕክምና ደግሞ ለሰባት ሰዎች ይበቃል። በረጅም ወረፋ ፊት ለቆመ ሐኪም ሰባተኛው ሰው ረቂቅ ሐሳብ አይደለም፤ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። «ይህ ምልክት ካለበት መጠኑን ቀንስ» የሚል ምክር ከሌላ አገር ሁሉ ይልቅ እዚህ ይጣፍጣል። ለዚህም ነው እዚህ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው።

በዚህ ላይ አንድ የስሌት ጉዳይ ይጨመራል። ለስሌት እንዲመቹ ብቻ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች ልጠቀም። ፒ16 ቫይረስ ካለባቸው 100 ዕጢዎች 95ቱን ቀለም ያሲዝ፤ ቫይረስ ከሌለባቸው 100 ዕጢዎችም 8ቱን በሌላ ምክንያት ያሲዝ። በአንድ አገር ከ1,000 ዕጢዎች 700ው የቫይረስ ቢሆኑ፣ ቀለም የሚይዙት 665 እውነተኛና 24 ሐሰተኛ ይሆናሉ፤ ሐሰተኞቹ ከመቶ አራት አይሞሉም። በሌላ አገር ከ1,000ው የቫይረስ የሆኑት 100 ብቻ ቢሆኑ ግን እውነተኞቹ 95፣ ሐሰተኞቹ 72 ይሆናሉ፤ ማለትም ከመቶ 43 ያህሉ ሐሰተኛ ናቸው። ቀለሙ ያው፣ አጉሊ መነጽሩ ያው፣ ባለሙያው ያው ነው። የተለየው የመነሻው ድርሻ ብቻ ነው። የመነሻ ዕድልን ትምህርት በሒሳብ ክፍል ያገኘ ተማሪ ይህን ወዲያውኑ ይለየዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመና ከ9 አገሮች የተሰበሰቡ 7,654 ሕመምተኞችን ባካተተ ጥናት፣ ፒ16 እና የቫይረሱ ምርመራ ከመቶ 9.2ቱ ላይ እርስ በርስ ተቃርነዋል። ሁለቱም ምልክቶች ካሉባቸው ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ 81.1 በመቶ በሕይወት ሲቆዩ፣ ፒ16 ኖሮ ቫይረሱ ከሌለባቸው የቆዩት 54.7 በመቶ ነበሩ። ቀለም ይዞ ቫይረስ የሌለበት ዕጢ ድርሻ የበዛውም፣ በስሌቱ እንደሚጠበቀው፣ ቫይረሱ ዝቅተኛ ድርሻ ባለው አካባቢ ነው። እንግዲህ ትምባሆ በበዛበት ወይም ቫይረሱ ባነሰበት አገር ፒ16ን ብቻ አይቶ ሕክምናን መቀነስ፣ ሙሉ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስ ይሆናል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በአገራችን የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰሮች ውስጥ የቫይረሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በበቂ ብዛት ተቆጥሮ እስኪታወቅ፣ ፒ16 ለሐኪሙ መረጃ ይሁን እንጂ መጠን ለመቀነሻ ምክንያት አይሁን። ቀለም የያዘው ናሙና በቫይረሱ ምርመራ ይደገም። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ዋጋ አለው። ነገር ግን ዋናውን ወጪ የቫይረሱ ምርመራ አያመጣውም።

በፓቶሎጂ ክፍሎች መደርደሪያ ላይ በሰም ውስጥ የተቀመጡ የዕጢ ናሙናዎች ለዓመታት ይቆያሉ። ቀለም ማስያዙም ሆነ ቫይረሱን መፈለጉ በዚያው በቆዩት ናሙናዎች ላይ ሊሠራ ይችላል። የጎደለው ከናሙናው ሌላኛው ጫፍ ያለው መረጃ ነው፦ ያ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የት አለ? ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ጎጃም የተመለሰ ገበሬ ሐኪም ቤት ካልተመለሰ ዳነ ማለት ነው ወይስ ሞተ? በማኅደሩ ላይ የምናገኘው የመጨረሻውን የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። እንዲህ የጠፉትን ሁሉ እንደ ዳኑ ብንቆጥራቸው የትኛውም ምልክት ድንቅ ይመስላል፤ እንደ ሞቱ ብንቆጥራቸው ደግሞ የትኛውም ሕክምና ከንቱ ይመስላል። ውጤቱ ያልተመዘገበ ሕመምተኛ ናሙና ምንም ያህል በረቀቀ መሣሪያ ቢለካ ነጋሪም መራጭም አይወጣውም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ቢሮዬ ለሚመጡ የፊዚክስ፣ የስታቲስቲክስና የባዮሎጂ ተማሪዎች የምነግራቸው ነገር በመጀመሪያ አያስደስታቸውም። የጂን ፊርማ የሚያነብ መሣሪያ የላችሁም፤ የሕመምተኛው የራሱና የቅርብ ዘመዱ ስልክ ቁጥር በማኅደሩ ላይ እንዲጻፍ ግን ከሆስፒታሉ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ እላቸዋለሁ። ፈቃዱን ከጠየቃችሁ፣ ምስጢሩንም ከጠበቃችሁ፣ በየስድስት ወሩ ደውሎ «እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከነቀኑ መመዝገብ የአንድ ተማሪ ሥራ ነው። በቅርቡ አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ስልኩ የማያነሣውን ሰው በስሌቱ ውስጥ እንዴት እንደምታስገባው ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ ወደ ስታቲስቲክስ ክፍል ላክኋት፤ ለዚያ የሚያገለግል የታወቀ ዘዴ አለ፣ እስከ መጨረሻው የታየበትን ቀን ድረስ ብቻ የሚቆጥረው። መዝገቡን ግን ከጥሪው በፊት እንድትጀምረው ነግሬያታለሁ።